የሱቅና የቤት ማንቂያ ደወል በአሜሪካ፦ ከፈቃድ እስከ ይግባኝ

ሱቃችን አንደኛ ዓመቱን የደፈነበት ቅዳሜ ነበር። የእህቴ ልጆች ሂሊየም የተሞሉ ስድስት ወርቃማ ፊኛዎች አምጥተው ከገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ ጋር አሰሯቸው። ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ደወሉን አጥምደን፣ በሩን ቆልፈን ሄድን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አየር ማቀዝቀዣው ተነሣና ፊኛዎቹን ማወዛወዝ ጀመረ። ጣሪያው ጥግ ላይ ያለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ሌባ ገባ አለ። ደወላችንን ከሩቅ የሚከታተለው የኩባንያው የክትትል ማዕከል ወደ እኔ ደወለ፤ ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ትራስ ሥር ነበር። ወደ ባለቤቴ ደወለ፤ የማታውቀው ቁጥር ስለሆነባት አላነሣችም። ፖሊስ መጥቶ በእጅ ባትሪ ዙሪያውን አየ፣ የተሰበረ ነገር አላገኘም፣ በበሩ እጀታ ላይ ወረቀት ሰክቶ ሄደ። ጠዋት ስከፍት ፊኛዎቹ አሁንም እየተወዛወዙ ነበር።

ሱቃችን ያለው ዳላስ ነው። በዚያ ዓመት ይህ አራተኛው የሐሰት ደወላችን ስለነበረ የ50 ዶላር ማስከፈያ በፖስታ ተከተለን። ሃምሳ ዶላር ቤት አያፈርስም። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው፤ በየወሩ የምከፍልበት መሣሪያ የታዘዘውን ሠርቷል፣ ማዕከሉም ደውሏል፣ ፖሊስም መጥቷል። ክፍተቱ የነበረው እኔ በሰጠሁት የስልክ ዝርዝር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ነጋዴዎችና ዘመዶች ስለ ደወል ሲጠይቁኝ ከመሣሪያው በፊት ስለ ስልኩ እጠይቃቸዋለሁ። ይህ መመሪያም በዚያው መንፈስ የተጻፈ ነው።

ከተሞች ለምን ይቀጣሉ?

በአሜሪካ ፖሊስ ከሌባ ማንቂያ ደወሎች ከሚደርሰው 100 ጥሪ ውስጥ ከ90 የሚበልጠው ሐሰት ነው። ሌባ የለም፤ የተረሳ የይለፍ ቁጥር፣ ያልተዘጋ በር፣ ያለቀ ባትሪ ነው ያለው። ለእያንዳንዱ ጥሪ በአብዛኛው ሁለት ፖሊሶች ይላካሉ። ስለዚህ ከተሞች በሦስት መንገድ መከላከል ጀመሩ። ከፊሎቹ ፈቃድ አውጣ ይላሉ፣ ከተወሰነ ቁጥር በኋላም ያስከፍላሉ። ከፊሎቹ ማስከፈያውን ለደንበኛው ሳይሆን ለደወል ኩባንያው ይልካሉ። ሦስተኞቹ ደግሞ ማስረጃ ካላሳያችሁን አንመጣም ይላሉ። የእርስዎ ከተማ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ምንም ነገር አይግዙ።

አንደኛ፦ የማን ደንብ እንደሚገዛዎት ይለዩ

የፌዴራል መንግሥት ስለ ሱቅዎ ደወል ደንብ የለውም። ክልሉ፣ ካውንቲውና ከተማው ናቸው ያላቸው። በፖስታ አድራሻዎ ላይ የተጻፈው የከተማ ስም ብቻውን አያስተማምንም። አድራሻው ዳላስ እያለ መሬቱ የሌላ ማዘጋጃ ቤት የሆነበት ቦታ አለ። ቀላሉ መንገድ የውኃ ሂሳብዎን ወይም የንግድ ፈቃድዎን ማየት ነው። ከዚያ ለዚያ ከተማ ፖሊስ አስቸኳይ ባልሆነው ቁጥር ደውለው «የማንቂያ ደወል ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። አንዳንድ ቦታ ጉዳዩ ራሱን የቻለ ቢሮ አለው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያስተዳድረው የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ፖሊስ የሐሰት ደወልን ለመቀነስ ብቻ የቆመ ክፍል አለው።

ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለማየት የሚከተሉትን ያወዳድሩ።

ቴክሳስ የከተሞቿን እጅ በሕግ አስራለች። የክልሉ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ለመኖሪያ ቤት ደወል ፈቃድ ከተማ በዓመት ከ50 ዶላር በላይ፣ ለሌላው ደግሞ ከ250 ዶላር በላይ እንዳያስከፍል ይከለክላል። ቅጣቱም ጣሪያ አለው፤ ባለፉት 12 ወራት ከተከሰቱት የሐሰት ደወሎች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አያስቀጡም፣ ከዚያ በኋላ ለአንዱ 50፣ ሲደጋገም 75፣ በጣም ሲበዛ 100 ዶላር ይደርሳል። ዳላስ እ.ኤ.አ. በ2006 በማስረጃ ላልተረጋገጠ የንግድ ቤት ደወል ፖሊስ ላለመላክ ሞክራ ነበር፤ ነጋዴው ጮኸ፣ ከተማዋም በኋላ ተወችው።

ሲያትል ሌላ መንገድ ይዛለች። ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ የከተማዋ ፖሊስ ከክትትል ኩባንያ ለሚመጣ ጥሪ ሰው የሚልከው ደጋፊ ማስረጃ ሲኖር ነው። ማስረጃው ቪዲዮ፣ ድምፅ፣ የተጫነ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ (በዝርፊያ ጊዜ ተጭነው ፖሊስ የሚጠሩበት) ወይም በዓይኑ ያየ ሰው ሊሆን ይችላል። ፖሊሱ ለውሳኔው ምክንያት አድርጎ ያቀረበው የራሱን ቁጥር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 13,000 የደወል ጥሪ ደርሶት፣ ወንጀል መሆኑ ታውቆ ሰው የተያዘበት ወይም ሪፖርት የተጻፈበት ከ100 ጥሪ 4 አልሞላም። ስለዚህ በሲያትል በር ላይ ብቻ ሴንሰር ተክሎ በየወሩ የሚከፍል ሰው የሚገዛው ጩኸት ነው። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም፤ ላስ ቬጋስ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2000 መጨረሻ ጀምሮ ሲሠሩበት የቆዩ ናቸው።

በአትላንታ ሰሜናዊ ጫፍ ያለችው ሳንዲ ስፕሪንግስ ደግሞ ቅጣቱን በደወል ኩባንያዎች ላይ አደረገችው። ኩባንያዎቹ ፍርድ ቤት ወሰዷት፣ ተሸነፉ፤ የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2020 ለከተማዋ ፈረደ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በቪዲዮ፣ በድምፅ ወይም በቦታው በተገኘ ሰው ካልተረጋገጠ በስተቀር ለሌባ ደወል ፖሊስ አትልክም።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ሥራውን በስንፍና የሚሠራው ኩባንያ ስለሆነ ኩባንያውን መቅጣት ፍትሐዊ ይመስለኛል። ግን ሂሳቡን ዞሮ ዞሮ በወር ክፍያችን ላይ እንደሚጨምሩት አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፦ ፈቃዱን መሣሪያው ከመተከሉ በፊት ያውጡ

ፈቃድ ማውጣት በአብዛኛው ቦታ የ15 ደቂቃ ሥራ ነው፤ በኢንተርኔት ይሞላል፣ በካርድ ይከፈላል። በዳላስ ለመኖሪያ ቤት በዓመት 50፣ ለንግድ ቤት 100 ዶላር ሆኖ ቆይቷል፤ የዘንድሮውን ዋጋ ከማዘጋጃ ቤቱ ገጽ ላይ አይተው ይክፈሉ። ቅጹ የሚጠይቀው የቦታውን አድራሻ፣ የባለቤቱን ስም፣ የደወል ኩባንያውን ስምና ቁልፍ ይዘው ሊመጡ የሚችሉ ሰዎችን ስልክ ነው።

ሦስት ስሕተቶችን ደጋግሜ አይቻለሁ። የመጀመሪያው «ኩባንያው አውጥቶልኛል» ማለት ነው። ሻጩ እንዲያ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ግን የፈቃድ ቁጥሩን በዓይንዎ እስኪያዩ አልወጣም ብለው ይያዙት። ሁለተኛው የቀድሞው ባለቤት ፈቃድ ከሱቁ ጋር አብሮ የተሸጠ መምሰሉ ነው። ፈቃድ በስም የሚሰጥ ነው፤ ሱቅ ሲገዙ በራስዎ ስም አዲስ ያወጣሉ። ሦስተኛው እድሳት ነው። ማሳሰቢያው በፖስታ ወደ ሱቁ ይመጣል፤ ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ተደባልቆ ቅርጫት ይገባል። ፈቃዱ ሳይታደስ ደወሉ ከጮኸ፣ እንደ ከተማው ደንብ፣ ወይ የተጨማሪ ቅጣት ሂሳብ ይመጣል ወይ ፖሊሱ ራሱ ይቀራል።

ሳይረሳ፦ ፈቃድ ባይኖርዎትም ዘራፊ ፊትዎ ቆሞ 911 ከደወሉ ፖሊስ ይመጣል። የፈቃዱ ጉዳይ የሚመለከተው ከማሽን የሚመጣውን ጥሪ ነው።

ሦስተኛ፦ ከኩባንያው ጋር ከመፈራረምዎ በፊት

ደወል የሚተክል ኩባንያ በቴክሳስ በክልሉ የሕዝብ ደህንነት መሥሪያ ቤት ሥር በግል ጥበቃ ዘርፍ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቀው በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ያረጋግጡ። በብዙ ሌሎች ክልሎችም ተመሳሳይ መዝገብ አለ።

ውሉን ሲያነቡ ዓይንዎን የዘመኑ ርዝመት ላይ ያሳርፉ፤ ሦስትና አምስት ዓመት የሚያስሩ ውሎች ብዙ ናቸው፤ ሱቁ ቢዘጋም ክፍያው አይዘጋም። ከዚያ እነዚህን ይጠይቁ፦ ፖሊስ ከመጥራታችሁ በፊት ስንት ሰው ዘንድ ትደውላላችሁ? የሐሰት ደወል ቅጣት ለእናንተ ቢላክ ለእኔ ታስተላልፉታላችሁ? ካሜራው የቀረጸውን የእናንተ ሠራተኛ በሰዓቱ ማየት ይችላል ወይስ እኔ ብቻ? የመጨረሻው ጥያቄ እንደ ሲያትል ባለ ከተማ ወሳኝ ነው። በስልክዎ የሚያዩት ካሜራ ካለዎት፣ ሌባውን ካዩ ራስዎ 911 ደውለው «አሁን በካሜራ እያየሁት ነው» ማለት ይችላሉ፤ ያ ከማንኛውም ሴንሰር የበለጠ ማስረጃ ነው።

ኢንዱስትሪው ራሱም ወደዚያው እየሄደ ነው። ኤቪኤስ-01 የሚባለው መለኪያ ለእያንዳንዱ ደወል ከ0 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣል። 0 ማለት ጥሪ አያስፈልግም፣ 1 ማለት መረጃው ውስን ነው፣ 2 ማለት ሰው አለ ግን ዓላማው አይታወቅም፣ 3 ንብረት ላይ፣ 4 ሕይወት ላይ አደጋ አለ ማለት ነው። ኩባንያዎ ይህን የሚጠቀም መሆኑን ይጠይቁ። «ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ከመለሰ እርስዎም መልስ አገኙ።

አሮጌ ሱቅ የገዙ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ይፈትሹ። በአሜሪካ የሦስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘግቷል። በዚያ ኔትወርክ ይናገር የነበረ የደወል ሣጥን ካልተቀየረ ዛሬ ይጮኻል፣ መብራቱም ይበራል፤ ለማንም ግን አይናገርም። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ መብራት ስላዩ አይመኑ፤ ፍተሻ አስደርገው የክትትል ማዕከሉ ምልክቱ እንደደረሰው በቃሉ ያረጋግጥልዎት።

አራተኛ፦ የስልክ ዝርዝሩ

እዚህ ላይ ጊዜዎን ያጥፉ። በብዙ ቦታ የክትትል ማዕከሉ ፖሊስ ከመጥራቱ በፊት ሁለት ጊዜ ደውሎ ባለቤቱን ለማግኘት መሞከር አለበት። አብዛኛውን የሐሰት ደወል ሊያስቆሙ የሚችሉት እነዚያ ሁለት ጥሪዎች ናቸው፤ ማታ የሚያነሣ ሰው ካለ።

ማዕከሉ የሚደውልበትን ቁጥር ከኩባንያው ተቀብለው በዝርዝሩ ላይ ባሉት ሰዎች ሁሉ ስልክ ላይ በአማርኛ «የሱቅ ደወል» ብለው ይመዝግቡት። ከዚያ ስልኩ ድምፁ ቢጠፋም ለዚህ ቁጥር ብቻ እንዲጮህ ያስተካክሉት፤ ሁሉም ዘመናዊ ስልክ ይህን ያደርጋል። ለማይታወቅ ቁጥር አለማንሣት በዚህ ዘመን ጥሩ ልማድ ነው፤ የኛን ፊኛዎች ግን ያስቀጣቸው ያ ልማድ ነው።

በዝርዝሩ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰው ያስገቡ። የመጀመሪያው ማታ የሚያነሣ፣ ሁለተኛው ከሱቁ በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚደርስ፣ ሦስተኛው በተለያየ ሰዓት የሚሠራ ሰው ይሁን፤ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወንድም ለዚህ ተስማሚ ነው። ለገና ወይም ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ሲሄዱ ስምዎን ከላይኛው ቦታ ያውርዱት። አንድ ወዳጄ ላሊበላ ሆኖ የአሜሪካ ስልኩ ተዘግቶ ሳለ፣ ማዕከሉ ሦስት ሌሊት በመጀመሪያ ወደ እሱ እየደወለ ቆይቷል።

ቀጥሎ የይለፍ ቃል። ደዋዩ «ስምዎንና የይለፍ ቃልዎን ይንገሩኝ» ይላል፤ የተሳሳተ ቃል ከሰጡ ወይም ዝም ካሉ ፖሊስ ይልካል፤ አስገድዶዎት የቆመ ሰው ሊኖር ይችላልና። እኛ ታዲያ ቃሉን ስንመርጥ «ጠጅ» ወይም «ጨጨብሳ» እንላለን። ደዋዩ ጠ እና ጨ ጆሮው አይለያቸውም፤ ሦስት ጊዜ ድገሙልኝ ብሎ ይሄዳል። እኛ በትክክል የምንጠራው፣ እሱም በትክክል የሚሰማው ቃል ይምረጡ። የኛ ቤት ቃል ፍሬ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት የሚባል ፍሬ። እናቴ ከጎንደር መጥታ ስትቀመጥ ይህ ቃል በእንግሊዝኛ የምትናገረው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አካል ሆነ፤ ስሟን ትናገራለች፣ ፍሬዋን ትጠራለች፣ «ኦኬ» ትላለች፣ ትዘጋለች።

ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማይናገሩ አረጋውያን ካሉ ግን በቃል ማስጠናት ብቻ አይበቃም። ኩባንያው አስተርጓሚ መስመር ያለው መሆኑን ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ አላቸው፤ ማንም ስለማይጠይቅ አይነግሩም። በመለያዎ ላይ «ስልኩን የሚያነሣው ሰው አማርኛ ተናጋሪ ነው፤ ቀጥሎ ወደ ልጃቸው ይደውሉ» የሚል ማስታወሻ እንዲጽፉም ያድርጉ።

አምስተኛ፦ መሣሪያውን ከቤቱ ሰው ጋር ማስማማት

የሐሰት ደወል የሚበዛው ሲገቡና ሲወጡ ነው። ደወሉን አጥምደው ከበሩ እስኪወጡ የሚሰጥዎት የመውጫ ጊዜ አለ፤ በር ከፍተው እስኪያጠፉት ደግሞ የመግቢያ ጊዜ አለ። የሐሰት ደወልን ለመቀነስ የወጣው ሲፒ-01 የተባለው የኢንዱስትሪ መለኪያ የመውጫው ጊዜ ከ45 ሰከንድ እንዳያንስ፣ የመግቢያውም ከ30 ሰከንድ እንዳያንስ ይላል። ሁለት ልጅ፣ አንድ ቦርሳና የእንጀራ ሣጥን ይዞ ለሚወጣ ሰው 45 ሰከንድ ቀልድ ነው። ወደ 90 ሰከንድ ከፍ እንዲያደርጉልዎት ይጠይቁ። ሌላው ጥሩ ነገር፣ ደወሉ ከተነሣ በኋላ ምልክቱ ወደ ማዕከሉ ከመሄዱ በፊት ከ15 እስከ 45 ሰከንድ የሚጠብቅ የመሰረዣ ጊዜ ነው። እሱ ተዘግቶ ከሆነ ያስከፍቱት።

በዓል ሲመጣ ፕሮግራሙን ያስታውሱ። ሱቅዎ በየማታው በራሱ የሚጠመድ ከሆነ ለፋሲካ ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሥጋና ቅቤ ስትሸጡ ደወሉ በመካከል ይጠመድባችኋል። ቤትም እንዲሁ ነው፤ ከቅዳሴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነጠላ ለብሶ የሚመለስ ቤተሰብ፣ ከኋላው አምስት እንግዳ ይዞ፣ የመጀመሪያው በር ከፋች ቁጥሩን የማያውቅ የአክስት ልጅ ይሆናል። ለእንግዳ ጊዜያዊ ቁጥር ይስጡ፣ ሲሄድም ይሰርዙ።

የእንቅስቃሴ ሴንሰር የሚያየው በፊቱ የሚለዋወጥ ሙቀት ነው። ፊኛ፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ማስታወቂያ፣ የማሞቂያ አየር ማውጫ፣ በመስኮት የሚገባ ጠዋት ፀሐይ፣ ሴንሰሩ ላይ የሚሄድ ሸረሪት፣ እነዚህ ሁሉ ለሴንሰሩ ሰው ሊመስሉት ይችላሉ። ድመት ወይም ውሻ ካለ የቤት እንስሳን የሚለይ ሴንሰር ያስተክሉ፤ ድመቷ መደርደሪያ ላይ ከወጣች ግን እሱም ይሸነፋል። የኋላ በር ማግኔት ሴንሰር ካለው በሩን ዘግተው በእጅዎ ይነቅንቁት፤ ቢወዛወዝ ነፋስ በሚነሣ ሌሊት ይከፈትብዎታል፤ መጠገን ያለበት በሩ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው መጠባበቂያ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ የተቀየረበትን ቀን ባትሪው ላይ በጠቋሚ ይጻፉበት።

ስለ ጭስ ደወል ለየት አድርጌ ልናገር። ምንም እንኳ በአንድ ሣጥን ቢያያዝም ደንቡም የሚመጣውም ሰው ሌላ ነው፤ የእሳት አደጋ መኪና ነው። ቡና ስንቆላና እጣን ስናጨስ ይጮኻል፤ የታወቀ ነው። የጭስ መለያውን በፕላስቲክ መሸፈን ወይም ባትሪውን ማውጣት ግን በተከራየ ቤትም በሱቅም ትልቅ ጥፋት ነው። ቡናውን የጭስ ማውጫው ማራገቢያ ሥር ይቁሉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ሴንሰሩ ከምድጃው ቢያንስ 10 ጫማ እንዲርቅ ያስደርጉ፤ የአሜሪካው የእሳት ደወል መለኪያም ይህን ይላል። ከሰል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጀበናውን ወይም ማጨሻውን በከሰል ቤት ውስጥ አድርገው የካርቦን ሞኖክሳይድ (ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ) ደወል ከጮኸ፣ እሱ የሐሰት ደወል አይደለም። ሁሉንም ሰው ይዘው ወዲያው ይውጡና ከውጭ 911 ይደውሉ። ጋዙ ሽታ የለውም፤ ምንም አልሸተተኝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አለ።

ስድስተኛ፦ ሌሊት የጮኸ ጊዜ

ማዕከሉ ሲደውል መጀመሪያ ስምና ቃል ይስጡ። ከዚያ የትኛው ሴንሰር እንደተነሣ ይጠይቁ። አንድ ብቻ ከሆነ ምናልባት በር ነው። የፊት በር፣ ከዚያ ኮሪደር፣ ከዚያ መጋዘን እያለ ተከታትሎ ከሄደ ግን ሰው እየተራመደ ነው፤ «ፖሊስ ይላክ» ይበሉ። ስሕተቱን ካወቁት ወዲያው «ይሰረዝ» ይበሉ። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት የተሰረዘ ጥሪ በብዙ ከተሞች አይቆጠርም።

ብቻዎን ወደ ሱቁ አይግቡ። ከፖሊስ ቀድመው ከደረሱ መኪናዎ ውስጥ ሆነው 911 ደውለው «ባለቤቱ ነኝ፣ የዚህ ዓይነት መኪና ውስጥ ነኝ፣ የዚህ ዓይነት ልብስ ለብሻለሁ» ይበሉ። ፖሊሱ ሲመጣ እጅዎ ባዶና የሚታይ ይሁን፤ ቁልፉን ከኪስዎ ለማውጣት እስኪጠይቅዎት ይጠብቁ። በጨለማ ውስጥ ሌባ ፍለጋ የመጣ ሰው እርስዎን ከሌባው የሚለይበት ነገር የለውም።

የአደጋ ጊዜ ቁልፍን ለዝርፊያ ብቻ ይያዙ። የሰከረ ደንበኛ አልወጣም ሲል ለመጫን ያጓጓል፤ ግን ያኔ በስልክ መደወል ነው። ለዚህ ቁልፍ የሚቆረጠው ቅጣት በብዙ ከተማ ከሌባ ደወል ይበልጣል፣ ፖሊሱም ጦር መሣሪያ የያዘ ሰው አለ ብሎ ነው የሚገባው። ቁልፉን ጉልበት በሚነካው ቦታ ያስቀመጠ ሰው ያንሣው።

ሰባተኛ፦ ማስከፈያው ሲመጣና ይግባኝ

ማስከፈያውን ሲቀበሉ ከሁሉ በፊት የይግባኙን ቀነ ገደብ ያንብቡ። ብዙ ጊዜ ቀናት ብቻ ነው የሚሰጡት። ከዚያ ለደወል ኩባንያዎ ደውለው የዚያን ሌሊት ዝርዝር መዝገብ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የትኛው ሴንሰር በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደተነሣ፣ ማን ዘንድ እንደተደወለ፣ ፖሊስ በስንት ሰዓት እንደተጠራ። ይህ ወረቀት ከመቶ ቃል ክርክር ይበልጣል።

በቴክሳስ ያለ ሰው ሁለት ነገር ያወዳድር። የክልሉ ሕግ አንድ ደወል ሐሰት ተብሎ የሚቆጠረው የከተማው ሰው ጥሪው በደረሰው በ30 ደቂቃ ውስጥ ቦታው ላይ ተገኝቶ፣ ቤቱን ከውስጥ ወይም ከውጭ አይቶ ሐሰት መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው ይላል። ፖሊስ ከ50 ደቂቃ በኋላ ከደረሰ ያ ደወል በእርስዎ ላይ ሊቆጠር አይገባም። የተጠራበት ሰዓት በኩባንያዎ መዝገብ፣ የደረሰበት ሰዓት በፖሊሱ ሪፖርት ላይ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይላኩ። ከሌላ ክልል ከሆኑ በደንብዎ ውስጥ «የሐሰት ደወል» የሚለውን ትርጉም ፈልገው ያንብቡ፤ መብራት መቋረጥ፣ ማዕበልና የተሞከረ ስርቆት ብዙ ጊዜ በዚያ ትርጉም ውስጥ ተለይተው ይወጣሉ።

ስርቆት ተሞክሮ ከነበረ፣ የተቧጨረ መቆለፊያ፣ የተጣመመ የበር ጠርዝ፣ የተሰበረ ካሜራ ይኖራል። ፖሊሱ በጨለማ አላየው ይሆናል። ጠዋት ከማጽዳትዎ በፊት ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሥተው ለፖሊስ ተጨማሪ ሪፖርት ያስመዝግቡ። የይግባኝ ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የፈቃድ ቁጥር፣ የማስከፈያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ የሚቃወሙበት አንድ ምክንያት፣ የተያያዘው ማስረጃ። ስለ ሥራዎ ችግርና ስለ ቤተሰብዎ ብዛት አይጻፉ፤ የሚያነበው ሰው የሚወስነው በትርጉሙና በሰዓቱ ነው።

እኔ ለፊኛዎቹ ይግባኝ አላልኩም። ፖሊስ በ18 ደቂቃ ደርሶ ነበር፣ መዝገቡ ግልጽ ነበር፣ ጥፋቱም የኔ ነበር። ከፍዬ፣ የማዕከሉን ቁጥር በባለቤቴ ስልክ ላይ መዘገብኩ።

ሱቁን ሲሸጡ ወይም ሲዘጉ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለፈቃድ ክፍሉና ለኩባንያው በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የተቀበሉበትንም ማረጋገጫ ያስቀምጡ። ያለዚያ አዲሱ ባለቤት የሚረሳው በር ሁሉ በእርስዎ ስም ይመዘገባል።